ምጣዱን የሚያሠራው ማሟሻው ነው፦ ስስ ኦክሳይድ የቅይጥ ካታሊስትን ጠባይ እንዴት ይለውጣል?

አክስቴ የምትኖረው ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ከገበያ አዲስ ምጣድ ገዝታ ደረስኩ። ምጣዱ ምንም እንከን አይወጣለትም። ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። እሷ ግን ሊጥ ልታፈስበት አልቸኮለችም። መጀመሪያ እሳቱን አነደደች። ምጣዱ በደንብ ሲግል የተወቀጠ ጎመንዘር በተነችበት። ከዚያ በማሰሻ ታሸው ጀመር። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ዓይናችን እንባ አቀረረ። ጎመንዘሩ ከሰለ፣ ጠረገችው፣ እንደገና በተነች፣ እንደገና አሸች።

"አሁንስ አይበቃም እንዴ?" አልኳት።

"ገና ነው ልጄ። በደንብ ካልተሟሸ እንጀራውን ይይዘዋል።"

እውነትም ለሙከራ ያፈሰሰችው የመጀመሪያው ሊጥ ተጣብቆ ቀረ። ተፍቆ ነው የወጣው። እንደገና አሟሸችው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ እንጀራው ጠርዙን ለቀቅ አደረገና በሰፌዱ ብድግ አለ።

ሸክላው ያው ሸክላ ነው። አልተለወጠም። የተለወጠው ላዩ ላይ ያረፈው ጥቁር ስስ ቆዳ ነው። ምጣዱን ምጣድ ያደረገው እሱ ነው።

ያን ዕለት ለዓመታት ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ትዝ አለኝ። ያጠናሁት ኬሚስትሪ ነው። "በምን ላይ ነው የምታተኩረው?" ሲሉኝ "ብረት ላይ በሚፈጠር ስስ ኦክሳይድ" እላለሁ። "ዝገት ማለትህ ነው?" ይሉኛል። ኦክሳይድ ማለት ብረት ወይም እንደ አልሙኒየም ያለ ሌላ ማዕድን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ነገር ነው፤ ዝገት የነገሩ አንዱ ዘመድ ነው። ሙሉው ታሪክ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል፤ አጎቴ ማሳው ላይ ከሚበትነው ዩሪያ ጀምሮ በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ከሚወርደው መኪና ጭስ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው። ሊጡ እንጀራ ይሆናል፤ ምጣዱ ግን አይበላም፣ ነገም ይጋገርበታል። ቃሉን በ1835 ያወጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ነገሩ ግን ከቃሉ ይቀድማል። በ1823 ጀርመናዊው ዶበራይነር ሃይድሮጅን ጋዝን ፕላቲነም ከተባለ ውድ ማዕድን በተሠራ፣ ቀዳዳ በበዛበት ስፖንጅ ላይ ሲለቀው ክብሪት ሳይጫር እሳት ተነሳ። ፕላቲነሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ምስጢሩ ያለው ገጹ ላይ ነው። ጋዝ መጥቶ ብረቱ ላይ ያርፋል። ሲያርፍ የአቶሞቹ ትስስር ይላላል። ጎረቤት ካረፈው ሌላ ጋዝ ጋር ይገናኛል። አዲስ ነገር ሆነው ተያይዘው ይነሳሉ። ቦታው ባዶ ይሆንና ሌላው ይተካል። እዚህ ላይ የአክስቴ ምጣድ በደንብ ያግዘናል። ሊጡ ምጣዱን ጨርሶ ካልነካ አይበስልም። አጥብቆ ከያዘ ደግሞ አይነሳም። ጥሩ ካታሊስትም እንደዚያው ነው፤ የሚመጣውን መያዝ አለበት፣ መልቀቅም አለበት። በ1912 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፈረንሳዊው ሳባቲዬ ያስተማረን ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ግን ያበቃል። ምጣድ ሙቀት ያቀብላል፤ የካታሊስት ገጽ ግን ራሱ በኬሚካል ትስስር ይሳተፋል። በዚህ የተነሳ ገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ የአቶም ረድፍ ዋጋ አለው።

ምን ያህል ስስ ነገር ነው የምናወራው? የአንዲት ጤፍ ርዝመት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እሷን አንድ ሚሊዮን ቦታ ብትከፍሏት አንዱ ቁራጭ 1 ናኖሜትር ይሆናል። የአልሙኒየም ድስት ላይ ሁልጊዜ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ነው። ካታሊስት ላይ የምናየው ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል፤ አንድ ወይም ሁለት የአቶም ድርብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ስስ ነገር ምን ያመጣል እንዳትሉ። በካታሊስት ውስጥ ያሉት የፕላቲነም ቅንጣቶች ራሳቸው ደቃቅ ናቸው። ስፋቷ 2 ናኖሜትር በሆነች ቅንጣት ውስጥ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አቶሞች ላዩ ላይ ናቸው። እዚያ ላይ አንድ ድርብ ኦክሳይድ መጣ ማለት የቅንጣቷ ጠባይ ተገለበጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። ክረምቱን ሙሉ ደጅ የተረሳ ማረሻ አይታችኋል። ቀይ ዝገት ያወጣል፣ ይላላጣል፣ ዝገቱ ሲረግፍ ከሥሩ አዲስ ብረት ይጋለጣል፣ እሱም ይዝጋል። የብረት ኦክሳይድ እንዲህ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውኃና አየር አያቆምም። የአልሙኒየም ድስት ግን እህቴ በአመድና በአሸዋ ስትፈትገው ኖራም አያልቅም። በፈተገችው ቁጥር አሮጌው ሽፋን ይነሳል፤ አልሙኒየሙ አየር እንደነካ ወዲያው አዲስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ ያቆማል። ለምን ያቆማል? በ1949 ካብሬራና ሞት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች ጥሩ መልስ ሰጡበት። ሽፋኑ ገና ስስ ሲሆን ኤሌክትሮኖች ሾልከው ያልፋሉ፤ እነሱ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ጉልበት የአልሙኒየሙን አቶሞች ወደ ላይ ይጎትታል። ሽፋኑ ሲወፍር ያ ጉልበት ይደክማል። ሽፋኑም ማደጉን ያቆማል።

በነገራችን ላይ ይህ ሽፋን አሲድ ይፈታዋል። ሎሚ ወይም ቲማቲም የበዛበትን ነገር በአልሙኒየም ድስት አታሳድሩ የሚባለው ለዚህ ነው። በእኛ አገር በአዊና በጎጃም ደጋ አሲዳማ መሬት ላይ ገበሬው ኖራ የሚጨምረውም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ አፈሩ አሲድ ሲሆን በውስጡ ተሳስሮ የነበረው አልሙኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ግን ስቴንለስ ማንኪያ ነው። ስቴንለስ ቅይጥ ነው። አብዛኛው ብረት ነው። ቢያንስ 10.5 በመቶው ደግሞ ክሮሚየም ነው። ክሮሚየሙ በቁጥር አናሳ ነው። ገጹን ግን የሚገዛው እሱ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ያለው ፍቅር ከብረት ስለሚበልጥ ላዩ ላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ይበዛል። ማንኪያው የማይዝገው በዚህ ነው። እንግዲህ የቅይጥ ትልቁ ሕግ ይህ ነው፦ ኦክስጅን ሲመጣ፣ ከቅይጡ ውስጥ ኦክስጅንን አብልጦ የሚወደው ወደ ላይ ይወጣል። የፈላ ወተት ላይ ስልባቦት እንደሚወጣው። ወተቱ ውስጥ ስንት እጅ ስብ እንዳለ ብታውቁም፣ ጣታችሁን ብትነክሩ መጀመሪያ የምትነኩት ስልባቦቱን ነው። ጋዝም ወደ ካታሊስት ሲመጣ የሚነካው የቅይጡን ስልባቦት ነው።

ይህ ነገር ሲገባኝ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሥዕል ልክ እንዳልሆነ አወቅሁ። መጽሐፉ ላይ ካታሊስቱ የተሳለው እንደ ድንጋይ ካብ ነበር። አቶሞቹ ተደርድረው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ንጹሕ ሆነው። በእውነተኛው ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ገጽ የለም። ፕላቲነምና ኒኬል የተቀየጡበትን ቅንጣት እንውሰድ። አየር በሌለበት ቦታ ሲሞቅ ፕላቲነሙ ላይ ይሆናል፤ ኒኬሉ ከሥሩ ይቀመጣል። ኦክስጅን ስትሰጡት ኒኬሉ ወደ ላይ ይመጣና ኦክሳይድ ይሆናል። ኦክስጅኑን አንሥታችሁ በሃይድሮጅን ብታሞቁት ኦክሳይዱ ይፈርሳል። ያው ቅይጥ፣ ያው መጠን፣ ግን የተለያየ ገጽ። በ2007 ሦስት እጅ ፕላቲነምና አንድ እጅ ኒኬል የያዘ ቅይጥ፣ ላዩ ንጹሕ ፕላቲነም ሆኖ ሲዘጋጅ፣ ኦክስጅንን ወደ ውኃ በመለወጥ ከተራ ፕላቲነም ገጽ 10 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አዋሕዶ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው ለነዳጅ ሴል ትልቅ ዜና ነበር። የዚህ ሁሉ ምንጭ ከሥር ያለው ኒኬል ነው፤ ከላይ ያለውን ፕላቲነም አያያዙን ለዘብ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ኦክሳይዱ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?

ስለ ከሰል ጭስ ልናገር። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ በክረምት ሌሊት ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ያስገባል፣ በር ይዘጋል፣ ይተኛል። ከዚያ አይነሳም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ብረት ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ለኦክስጅን ቦታ አይለቅም። እባካችሁ፣ ከሰል በዘጋችሁት ቤት አታሳድሩ። የጋመ ከሰልም ቢሆን።

ይኸው ጋዝ ፕላቲነምንም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው። ከመኪና ሞተር የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ጭሱ ከማርሚታው በፊት ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ያልፋል፤ በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በደቃቁ ተበትነዋል። ሥራቸው ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ ነው። ግን ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የፕላቲነሙን ገጽ ጥቅጥቅ አድርጎ ይሞላዋል። ኦክስጅን የሚያርፍበት ክፍት ቦታ አያገኝም። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ እንደያዘ እንጀራ ማለት ነው፤ እስኪፋቅ ሌላ አይጋገርም። ስለዚህ መኪናው በጠዋት ሲነሳ ጭሱ የከፋ ነው። ሙቀቱ ሁለት መቶ ምናምን ዲግሪ አልፎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ መላቀቅ ሲጀምር ነው ሥራው የሚቀጥለው። ይህን ጭፈራ በፕላቲነም ገጽ ላይ ደረጃ በደረጃ ካሳዩን ሰዎች ዋናው ጀርመናዊው ገርሃርት ኤርትል ነው፤ በ2007 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

መፍትሔው ከየት መጣ? ከቅይጥና ከኦክሳይድ። ፕላቲነም ላይ ትንሽ ቲን ብትቀይጡበት፣ ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ ለማያያዝ የሚያቀልጡትን ማለቴ ነው፣ ኦክስጅን ሲመጣ ቲኑ እንደ ስልባቦቱ ወደ ላይ ይወጣና ኦክሳይድ ይሆናል። ግን ገጹን ሁሉ አይሸፍንም። እዚህም እዚያም እንደ ጣና ደሴቶች ብቅ ብቅ ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ፕላቲነሙን ይይዛል። ኦክስጅኑ ደግሞ በቲኑ በኩል ይገባል። ከእንግዲህ ለአንድ ቦታ አይጣሉም። የሚገናኙት ደሴቱና ፕላቲነሙ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው፤ እዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ይዋሐዳሉ። በ2010 በቻይና ዳሊየን ያሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር በብረት አሳዩ። አንድ ድርብ ብቻ የሆነ የብረት ኦክሳይድ ደሴት ፕላቲነም ላይ ሲያርፍ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት የብረት አቶሞች ኦክስጅንን ለመሰንጠቅ እጅግ የተመቹ ሆነው ተገኙ። ያ ሁሌ የምንፈራው ዝገት፣ አንድ አቶም ሲወፍርና ፕላቲነም ላይ ሲቀመጥ ረዳት ሆነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ደሴቶቹ ተስፋፍተው ገጹን ጥርቅም አድርገው ከዘጉት ግን ድንበር የሚባል ነገር ይጠፋል። ሥራውም ይጠፋል። ሁለት ማሳ ሲገናኝ ነው ድንበር የሚኖረው፤ አንዱ ሌላውን ከዋጠው ድንበሩም የለም።

ሌላው የምወደው ታሪክ የሩቴኒየም ነው። ሩቴኒየም የፕላቲነም ዘመድ ነው። ተመራማሪዎች ገጹን ሲያጠኑ የኖሩት አየር ፈጽሞ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ነበር። ግፊቱ ከእኛ አየር ከትሪሊዮን እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እዚያ ውስጥ ሩቴኒየም ካርቦን ሞኖክሳይድን ለማቃጠል ከሁሉም የሰነፈው ነበር። በፋብሪካ ዓይነት ግፊት ሲሞከር ግን ከሁሉም የጎበዙ ሆነ! እንዴት? ለዓመታት ግራ ሲያጋባ ቆየ። በ2000 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳየ። ኦክስጅን ሲበዛ የሩቴኒየሙ ገጽ ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ የሚሠራው ያ ኦክሳይድ ነው። የኦክሳይዱ ገጽ ላይ አንድ የትስስር እጃቸው ባዶ የቀረ የሩቴኒየም አቶሞች አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ እነሱ ላይ ያርፍና ከጎኑ ያለውን ኦክስጅን ነቅሎ ይሄዳል። የተነቀለውን ቦታ ከአየር የመጣ ኦክስጅን ይሞላዋል። ነቅሎ መሄድ፣ መተካት፣ ነቅሎ መሄድ። ሽፋኑ ስስ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ወፍራምና ሻካራ ሲሆን ይሰንፋል።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ሩቴኒየምን ሰነፍ ያስባለው የተፈተነበት ሁኔታ ነው። ካታሊስትን ከሥራው ነጥሎ አቀዝቅዞና አየሩን መጥጦ መመርመር፣ ሰውን በእንቅልፉ አይቶ ስለ ሥራው መፍረድ ነው።

ታዲያ ስስ ኦክሳይድ ከወፍራሙ ለምን ይለያል? ነጠላና ቡልኮ አስቡ። ነጠላ የለበሰ ሰው ከሥር ምን እንደለበሰ ይታያል። ቡልኮ የደረበ ሰው ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። አንድ ወይም ሁለት ድርብ የሆነ ኦክሳይድ ነጠላ ነው። ከሥሩ ያለው ብረት ኤሌክትሮን ያቀብለዋል። የብረቱ አቶሞች አደራደር ከኦክሳይዱ ጋር ስለማይገጥም ኦክሳይዱ ይሳባል ወይም ይጨመቃል። በዚህ የተነሳ በወፍራሙ ዓለም ውስጥ ፈጽሞ የሌሉ ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ። ለምሳሌ የተለመደው የፓላዲየም ኦክሳይድ ለአንድ ፓላዲየም አንድ ኦክስጅን አለው። በፓላዲየም ገጽ ላይ የሚሠራው አንድ ድርብ ግን አምስት ፓላዲየም ለአራት ኦክስጅን ሆኖ ተገኝቷል። ሮዲየም ላይ ደግሞ ኦክስጅን ከላይ፣ ሮዲየም መሐል፣ ኦክስጅን ከሥር ሆነው እንደ ሳንድዊች ይደረደራሉ። በኒኬልና በአልሙኒየም ቅይጥ ላይ ግማሽ ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የአልሙኒየም ኦክሳይድ ይወጣል፤ በጣም የተስተካከለ ስለሆነ ተመራማሪዎች እንደ መሥሪያ ጠረጴዛ ይጠቀሙበታል።

ፓላዲየምን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ ክርክሩ አላለቀም። ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያቃጥለው ራሱ ፓላዲየሙ ነው ወይስ ስስ ኦክሳይዱ? ጥሩ ጥሩ ላቦራቶሪዎች ለዓመታት ተሟግተውበታል። በእኔ እይታ ሁለቱም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ የጋዙ ድርሻና ሙቀቱ ነው ተራውን የሚሰጣቸው።

ኦክሳይድ በግልጽ የሚጎዳበት ቦታም አለ። ናይትሪክ አሲድ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሞኒያን በአየር የሚያቃጥሉት በፕላቲነምና ሮዲየም ቅይጥ መረብ ላይ ነው። ሙቀቱ 850 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ነው። መረቡ እንደ ወንፊት የተሸመነ ቀጭን ሽቦ ነው። ሮዲየሙ ያስፈልጋል፤ ሽቦውን ያጠነክራል፣ የፕላቲነሙንም ብክነት ይቀንሳል። ፕላቲነም በዚያ ሙቀት ኦክሳይድ ሆኖ በጋዝ መልክ ይተንናልና። ነገር ግን ሁኔታው ሲበላሽ ሮዲየሙ ላዩ ላይ ይከማችና ኦክሳይድ ይሆናል። ያ ኦክሳይድ ሰነፍ ነው። መረቡ የሚሰጠው ምርት ይወርዳል። እዚህ ላይ ስልባቦቱ ምጣዱን አበላሸው ማለት ነው።

በ1978 ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ታወቀ። ፕላቲነምን የመሰለ ብረት በቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ ተበትኖ በሃይድሮጅን 500 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ፣ ሃይድሮጅን መያዝ ያቆማል። ብረቱ ግን አልጠፋም። ኋላ ላይ እንደታየው ከሥር ያለው ኦክሳይድ እየሳሳ ወደ ላይ ወጥቶ ቅንጣቶቹን አልብሷቸዋል። ኦክሳይድ ከአየር ብቻ ሳይሆን ከተቀመጡበት ወለልም ይወጣል ማለት ነው። አንዳንዶች ዛሬ ይህንኑ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ በከፊል የለበሰ ቅንጣት ከሌላው ጋር ተዋሕዶ አያብጥም።

ይህን ሁሉ እንዴት አዩት? አንዱ መንገድ ኤክስሬይ ነው። ጨረሩ ገጹን ሲመታ ኤሌክትሮን ይወጣል። የኤሌክትሮኑ ጉልበት ሲለካ የወጣበት አቶም ቲን ይሁን ፕላቲነም፣ ደግሞም ንጹሕ ይሁን ኦክሳይድ፣ ይነግራል። ኤሌክትሮኖቹ ከላይኛው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስለሚወጡ ገጹን ለማየት የተመቸ ነው። ስዊድናዊው ካይ ሲግባን ለዚህ ዘዴ በ1981 ኖቤል አግኝቷል። ድሮ ይህ የሚሠራው አየር በሌለበት ብቻ ነበር። አሁን ጥቂት ሚሊባር፣ ማለትም ከአየራችን ግፊት ከሺህ ጥቂት እጅ የሚሆን ጋዝ ባለበት፣ ካታሊስቱ እየሠራ ማየት ይቻላል።

በመጨረሻ ወደ አጎቴ ማሳ ልሂድ። ቡሬ በኩል በቆሎ ነው የሚዘራው። ዩሪያ ሲመጣ ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ያገባዋል፤ ነጭ ጠጠሩን በመዳፉ ይዞ "ይቺን ነገር ከምን ይሠሯታል?" ሲል ጠይቆኛል። ከአየር ነው ስለው አላመነኝም። እውነቱ ግን እሱ ነው። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ የሚያደርገው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ የሞቀ ብረት ነው፤ ማረሻው የተሠራበት ያው ብረት። ከአሞኒያው ዩሪያ ይሠራል፤ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ ጀመረ። አልዊን ሚታሽ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ቡድን ከዚያ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ድብልቆችን ሞክሮ ነበር። የተገኘው አሸናፊ ብረት ብቻውን አልነበረም። ትንሽ የአልሙኒየም ኦክሳይድና ትንሽ የፖታሲየም ኦክሳይድ ነበረበት። አልሙኒየም ኦክሳይዱ በብረት ቅንጣቶቹ መሐል ገብቶ እንዳይጋገሩ ይለያያቸዋል። ፖታሲየሙ ገጹ ላይ ሆኖ ናይትሮጅን የሚሰነጠቅበትን ሥራ ያቀላል።

ብረቱ ራሱ ግን ኦክስጅን ሊነካው አይገባም። በጋዙ ውስጥ ጥቂት የውኃ ተን ወይም ኦክስጅን ቢገባ ገጹን ይይዘውና ሥራው ይቀንሳል። ጋዙ ሲጠራ ይመለሳል። ሥራ ላይ ሲሆን ጠላቱ እንዲህ ነው። ጉዞ ላይ ሲሆን ደግሞ ይኸው ኦክስጅን ጠባቂው ነው። የተዘጋጀ የአሞኒያ ብረት በጣም ደቃቅ ስለሆነ አየር ቢያገኘው በራሱ ይግላል፣ ይቀጣጠላል። ስለዚህ አምራቾች በጣም ጥቂት ኦክስጅን ያለው ጋዝ ቀስ አድርገው ያሳልፉበታል። ስስ ኦክሳይድ ያለብሱታል። ነጠላ ለብሶ በመርከብ ይጓዛል፤ ፋብሪካ ሲደርስ ነጠላው ይወልቃል።

የሚወልቀው በሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑ የኦክሳይዱን ኦክስጅን ይወስድና ውኃ ሆኖ ይወጣል። ሥራው ችኮላ አይወድም። ቶሎ ከሞቀ የውኃው ተን ይበዛና ገና የተገለጠውን ብረት ያበላሸዋል። ስለዚህ ሙቀቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ፣ የሚወጣውን ውኃ እየለኩ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ውኃው ብዙ ነው። ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። ውኃው ሲቆም ብረቱ ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ጋዙ ይለቀቅበታል።

አክስቴ የምትጠብቀው ጭሱን ነበር። ጎመንዘሩ መጀመሪያ ሲነካ ቤቱ ጭልም አለ። እሷ ዝም ብላ ታሻለች። ጭሱ ሳሳ። ሲጠፋ ማሰሻውን አስቀመጠችና ወደ ሊጡ ዞረች።